መልስ፦ ለፊኛ ትራከር ባትሪ ልስቀል ወይስ ሶላር ብቻ?

ወንድሜ፣ ለፊኛ ትራከሩ (ፊኛ ላይ ተሰቅሎ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ለሚልከው ትንሽ መሳሪያ) የኢርፎን ሊቲየም ባትሪ ከሶላር ጋ ልስቀል ወይ ላልከው፣ እኔ ባትሪውን ተወው ነው ምልህ። ሊቲየም ከዜሮ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይበላሻል፣ ፊኛው የሚንሳፈፍበት 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ምናምን ነው፣ ደሴ ጦሳ ተራራ ላይ ጠዋት የሚቆረጥመን ብርድ ከሱ ጋ ሲተያይ ሙቀት ነው። ሶላር ግን ብርድ ይስማማዋል፣ ቮልቴጁ እንደውም ይጨምራል።

ስስ የሲሊከን ሴል ውሰድ፣ አንዱ ስራ ላይ 0.5 ቮልት አካባቢ ነው ሚሰጠው ስለዚህ ከ8 እስከ 10 በተከታታይ ትበይዳለህ። ስትበይድ ተጠንቀቅ፣ እኔ ደሴ ቤቴ ስሞክር ሶስቱ እንደ ድርቆሽ ቅሽ ብለው ተሰበሩብኝ፣ ከዛ ስስ ፎም ላይ ለጥፌ ካውያውን ለአፍታ ብቻ ነካ ሳደርግ ነው የተሳካልኝ።

እኛ ጋ ቀትር ላይ ፀሀይ አናት ላይ ስለሆነች አግድም የተኛ ፓነል ይበቃል፣ ለጠዋቱ ሁለት ፓነል እንደ ቤት ጣራ ዘንበል አድርግ። ዋናው ጣጣ ግን ንጋት ላይ ነው፣ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲወጣ የትራከሩ ቺፕ ግማሽ ነቅቶ ስራ አቁሞ ይቀራል፣ በቂ ቮልት እስኪመጣ ሚዘጋ ሰርኪት የግድ አስገባ፣ ለሬዲዮ መላኪያው ደሞ ሱፐር ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ ባንዴ የሚለቅ እቃ)። ፈቃድ ሳትጠይቅም እንዳትለቀው።