ከባሕር ወንዝ የሚወጣው ሸርጣን፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጸጉራሙ የቻይና ሸርጣን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በአንድ ላይ ልመልስ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሸርጣን የባሕር እንስሳ አይደለም እንዴ? ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ሳያዩ ወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ሸርጣኖች ሞልተዋል። እነሱ የሚጥሉት እንቁላል ጥቂትና ትልልቅ ነው፤ ግልገሎቹም ሙሉ ሸርጣን ሆነው ይፈለፈላሉ። የቻይናው ግን ባለ ሁለት ቤት ነው፦ ወንዝ ውስጥ ያድጋል፣ ጨው ውሃ ውስጥ ይራባል። አንዷ እንስት ከሩብ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን እንቁላል ትሸከማለች። ወላጆቹ ዘር ከተኩ በኋላ ይሞታሉ፤ ትንንሾቹ ወንዙን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ ከቻይና አውሮፓ በእግሩ አልሄደ መቼም! ማን አመጣው?

መልስ፦ መርከብ። ጭነቱን ያራገፈ መርከብ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሆዱን ውሃ ይሞላል፤ የሸርጣኑ እጭም አብሮ ይገባል። ውሃው የሚደፋው ሌላ ወደብ ላይ ነው። በ1912 ጀርመን ውስጥ አለር ወንዝ ላይ ታየ፤ በ1935 እንግሊዝ ቴምዝ ወንዝ ላይ፤ በ1992 ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ። ይህን የመርከብ ውሃ የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ተፈርሞ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ጥያቄ፦ ግድብ አያቆመውም?

መልስ፦ ከውሃው ወጥቶ፣ እርጥቡን ሣር አቋርጦ፣ ግድቡን ዞሮ ያልፋል። በኤልባ ወንዝ በኩል ቼክ ድረስ ዘልቋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፤ እውነት ያን ያህል ጎጂ ነው? አንድ ሸርጣን ምን ያፈርሳል?

መልስ፦ አንዱማ ምንም። ማዕበል ሲሸሽ ጭቃው ዳርቻ ላይ ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ ሸርጣኑ የቆፈረው እጅ የሚያስገባ ሞላላ ጉድጓድ ያገኛሉ። ወደ ውስጥ እያዘቀዘቀ ስለሚገባ ውሃው ሲጎድል እንኳ ታችኛው ጫፍ ውሃ ይቋጥራል፤ ሸርጣኑ እዚያ ተወሽቆ ይቆያል። ጉድጓዶቹ ሲበዙ ዳርቻው ወንፊት ይሆንና ይናዳል። በ1998 ደግሞ ካሊፎርኒያ ትሬሲ ላይ፣ የውሃ መሳቢያ ፓምፖች ዓሣ እንዳይውጡ የተሠራውን ማጥለያ በመቶ ሺዎች ሆነው ደፈኑት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቁጥሩ እጅግ ወርዷል።

ጥያቄ፦ ወንዝ ዳር ሸርጣን ባገኝ ወዲያው ልግደለው?

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ! የአገሬውን እንዳትፈጅ። የቻይናው ሁለቱ መቆንጠጫዎቹ ላይ የሱፍ ጓንት የመሰለ ጸጉር አለው፤ ጫፋቸው ነጭ ነው። በዓይኖቹ መካከል ቅርፊቱ ገባ ይላል፤ በግራና በቀኝ አራት አራት እሾህ አለው። ገና ትንሽ ከሆነ ጸጉሩ ላይኖር ስለሚችል እሾሁን ቁጠር። ፎቶ አንሥተህ ለሚመለከተው ክፍል አሳይ።

ጥያቄ፦ በልተን ብንጨርሰውስ?

መልስ፦ ቻይና ውስጥ ውድ ምግብ ነው፤ በገፍ ያረቡታል። እኔ ግን ለማጥፊያ ዘዴነት አልመክረውም። ገበያ ያገኘ እንስሳ በሕይወት ይጓጓዛል፤ ያመለጠው አዲስ ወንዝ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 በሕይወት ማጓጓዙንና መሸጡን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞ በጥሬው ወይም ሳይበስል ከተበላ የሳንባ ትል ሊያስይዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መላው ምንድን ነው?

መልስ፦ ድክመቱ ያው ባለ ሁለት ቤት መሆኑ ነው፦ ለመራባት የግድ ቁልቁል ወደ ባሕር መውረድ አለበት፤ የሚወርደውም የወንዙን ወለል እየረገጠ ነው። ቤልጅየም ውስጥ ወለሉን አቋርጦ የተዘረጋ ገንዳ አለ፤ ሸርጣኑ ሲራመድ እዚያ ይወድቅና በቱቦ ወደ ማጠራቀሚያ ይገባል። ዓሣው ከላይ ዋኝቶ ያልፋል። ሳይራባ የተያዘ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ጨርሶ ያጠፋዋል ግን አልልም።

ጥያቄ፦ ክሬይፊሽም (ትንሽ ሎብስተር የሚመስለው የወንዝና የሐይቅ እንስሳ) እንዲሁ ይያዛል?

መልስ፦ እሱ ይብሳል፤ ባሕር አያስፈልገውም። የሉዊዚያናው ቀይ ክሬይፊሽ በ1970 ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ተለቀቀ፤ እዚያው ተራብቶ ቀረ። ማዳጋስካርን ያጥለቀለቀው ዥንጉርጉሩ ክሬይፊሽ ደግሞ ሁሉም እንስት ነው፤ ያለ ወንድ ይራባል። ከቤት የመስታወት ገንዳ አንዷ ብትለቀቅ ይበቃል።