ጨዋነት የሴት ልጅ ዕዳ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሴት ልጄ ትምህርቷን መቀጠል ትፈልጋለች። አባቷ ግን «ሴት ልጅ ብዙ ከተማረች ዓይን አውጣ ትሆናለች፤ ለእሷ ጨዋነቷ ይበቃታል» ይላል። ወንድሟ አምሽቶ ቢገባም ቢሳደብም «ወንድ አይደል እንዴ» ተብሎ ይታለፋል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ታስተምራለች?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ። አታስተምርም።

የትምህርቱን ነገር ላስቀድም። የማርታ እህት ማርያም በጌታ እግር አጠገብ ተቀምጣ ቃሉን ትሰማ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ሕግ መምህሩ ሲናገር «በገማልያል እግር አጠገብ ተማርሁ» ይላል። ቦታው የደቀ መዝሙር ቦታ ነው። ማርታ ስታማርር ጌታ ማርያምን «ተነሽና አግዣት» አላላትም፤ «መልካም ዕድልን መርጣለች፤ ከእርስዋም አይወሰድባትም» አለ (ሉቃ. 10፥42)። አጵሎስን የሚያህል አንደበተ ርቱዕ ሰውም ቢሆን መንገዱን በትክክል ያስረዱት ጵርስቅላና ባሏ አቂላ ናቸው (ሐዋ. 18፥26)።

«ዓይን አውጣ ትሆናለች» ለሚለው የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነውን የታላቁ ባስልዮስን ቤት ላንሣ። እህቱ ማክሪና ከልጅነቷ ጀምሮ መዝሙረ ዳዊትንና የሰሎሞንን ጥበብ ከእናቷ ተምራለች። ባስልዮስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእውቀቱ ተኩራርቶ ነበር። መክራ የመለሰችው እሷ ናት። ይህን የጻፈልን ወንድማቸው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው፤ እሱም ማክሪናን «መምህሬ» ይላታል። ትምህርት ማንንም ሊያስታብይ ይችላል፣ ልክ ነው። በዚያ ቤት ግን የታበየው ወንዱ ነበር!

ወደ ልጅዎ ወንድም እንምጣ፤ የከበደው ነገር እዚያ ነው። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8ን አስቡት። ጻፎችና ፈሪሳውያን ስታመነዝር የተያዘች ሴት አምጥተው በመካከል አቆሙ። ሰውየውስ የት ሄደ? ብቻዋን አላመነዘረችም። ሕጉ እኮ ሁለቱም ይገደሉ ነው የሚለው (ዘሌ. 20፥10)። ከሳሾቹ ግማሹን ሕግ ይዘው ነው የመጡት። ጌታ «ኃጢአት የሌለበት አስቀድሞ ይውገራት» ሲላቸው ከሽማግሌዎች ጀምሮ አንድ በአንድ ወጡ። ለእሷም «ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» አላት። ኃጢአቱን አላቃለለም፤ ለእሷ ብቻ መጫኑን ግን አልተቀበለም።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሌላው የቤተ ክርስቲያን አባት፣ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት፣ ይህንኑ ነገር በግልጽ ወቅሷል። የዘመኑ ሕግ ሴቲቱን በምንዝር እየቀጣ ባልየውን ይተወው ነበር። እሱም ሕጉን ያወጡት ወንዶች ስለሆኑ ነው አለ። የወንድና የሴት ፈጣሪ አንድ፣ አፈራቸው አንድ፣ ሞታቸው አንድ፣ ትንሣኤያቸውም አንድ መሆኑን አስተማረ።

ደግሞም «ሴትን አይቶ የተመኛት በልቡ አመንዝሯል» የሚለው የጌታ ቃል የሚናገረው ለወንድ ነው። የዋህነትና ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ናቸው (ገላ. 5)። ለወንዶች የተለየ ዝርዝር የለም።

እህቴ፣ ከባለቤትዎ ጋር በልጆቹ ፊት አይከራከሩ። የንስሐ አባታችሁ ባሉበት ተነጋገሩ። ልጅቷ ትማር። የመግቢያ ሰዓት ካለ ለሁለቱም እኩል ይሁን። ልጁ ሲሳደብ ደግሞ አባቱ ራሱ ይገሥጸው፤ ከእርስዎ ይልቅ እሱን ይሰማል።