ታድሶ ለሽያጭ የሚቀርብ ኤፍጄ40 ላንድክሩዘር፦ አሜሪካ ላላችሁ ሻጮች

ላንድክሩዘር 40 አገር ቤት ላደገ ሰው ከመኪናም በላይ ነው። ሻጩን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ዋጋውን በናፍቆትና በመለዋወጫ ደረሰኝ ድምር ያወጣዋል። ለእድሳት ያፈሰሳችሁትን ዶላር ገዢ አይመልስላችሁም። እሱ የሚከፍለው በዓይኑ ላየውና ማስረጃ ለቀረበለት ነገር ነው።

ለዋጋ መነሻ የሚሆነው ሰዎች የሚጠሩት ሳይሆን በጨረታ የተዘጋው ዋጋ ነው። ስታነጻጽሩ ዘመኑን አትቀላቅሉ። እስከ 1974 ሞዴል ያለው 3.9 ሊትሩን ኤፍ ሞተር፣ ከ1975 ወዲህ ያለው ደግሞ 4.2 ሊትሩን 2ኤፍ ይዞ ነው ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው። የፊት ዲስክ ፍሬን የመጣው ከ1976 ሞዴል ጋር ነው። የሸቭሮሌ ቪ8 ሞተር የተገጠመለት ከሆነ ገዢውም ዋጋውም ሌላ ስለሆነ፣ ማስታወቂያው መጀመሪያ ላይ ጻፉት።

ገዢ ቀለሙን ካደነቀ በኋላ መሬት ላይ ተኝቶ ሥሩን ያያል። የዚህ መኪና ጠላት ዝገት ነው፤ የሚበላቸውም ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከኋላ በሮች ሥር ያለው አግዳሚ ላሜራ፣ የኋላ ጎማ ዙሪያና ማዕዘኖቹ፣ ምንጣፍ የሸፈነው ወለል፣ የጣሪያው ውኃ መውረጃ፣ የመስታወቱ ፍሬም ታችኛው ጠርዝ፣ የሻንሲው የኋላ ጫፍ። አዋቂ ገዢ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ (ዝገት የበላውን ለመሙላት የሚለጠፍ መለሰኛ) ነው ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ላሜራ የተበየደበትን ሁሉ ቀለም ሳይቀባ የተነሣ ፎቶ ይኑራችሁ። ለሽያጭ ሲባል ሥሩን በጥቁር ቀለም መርጨት የከፋ ስሕተት ነው፤ ጤነኛ ሻንሲ እንኳ የሚደበቅ ነገር ያለበት ያስመስለዋል። አጥባችሁ እንዳለ አሳዩት።

ቁጥሮቹን ከማስታወቂያው በፊት አረጋግጡ። የሻንሲው ቁጥር በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ የተመታ ነው፤ በዝገትና በቀለም ስለሚሸፈን በብሩሽ በጥንቃቄ አጽዱት። እሱ፣ በሞተር ክፍሉ ያለው ፕሌትና ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) አንድ መሆን አለባቸው። አንዷ ፊደል ብትለይ ጉዳዩን ከሞተር ተሽከርካሪ ቢሮው ጋር ጨርሳችሁ ለገበያ አውጡት፤ ገዢ እየጠበቀ የሚስተካከል ነገር አይደለም። ማይል ቆጣሪው 99,999 ላይ ደርሶ ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ትክክለኛው ርቀት አይታወቅም ብላችሁ ጻፉ።

ዘይት ማንጠባጠቡን ሁሉም ይጠብቃል፤ ግን ከየት እንደሆነ ዋጋውን ይለውጣል። የፊት ጎማው መታጠፊያ ኳስ ላይ ቀጭን የግሪስ ሽፋን ጤና ነው። ግሪሱ ቀጥኖ የሚፈስ ከሆነ ግን የውስጠኛው ዘይት ማገጃ ጎሚኒ አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶበታል። ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ አስከፍታችሁ ማገጃዎቹን ቀይሩ፣ ኩሽኔታዎቹንም በዚያው እዩ። በአብዛኞቹ ሞዴሎች የእጅ ፍሬኑ ድራም ከትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) ጀርባ ነው የተገጠመው፤ እዚያ ያለው ማገጃ ሲያፈስ ዘይቱ የፍሬኑን ሸራ ያርሰዋል። «የእጅ ፍሬኑ አይዝም» ሲባል ሽቦ ከመወጠር በፊት እሱን እዩ። ጎማም ላይ ገዢ የሚያነበው ጥርሱን ብቻ አይደለም፦ በጎኑ የተጻፉት የመጨረሻዎቹ 4 አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2312 ማለት በፈረንጆቹ 2012 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው አርጅቷል።

የስድስቱን ሲሊንደር ኮምፕረሽን (የእመቃ ግፊት) አስለክታችሁ ውጤቱን በጽሑፍ ያዙ፤ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የስድስቱ መቀራረብ ነው የሚታየው። ገዢ ሊመጣ ሲል ሞተሩን አታሙቁ፤ ኮፈኑን በእጁ ዳስሶ ይለያችኋል። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ሲነሣ የሚያሳይ፣ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ቅረጹ። የነቀላችሁት የፋብሪካ ካርቡሬተር፣ ቸርኬና ወንበር ካለ አብራችሁ ስጡ፤ ለእናንተ መጋዘን ያጣበበ ዕቃ ለሰብሳቢ ገንዘብ ነው።

ክፍያውን በባንክ ለባንክ ዝውውር ተቀበሉ። የባንክ ቼክ ከሆነ ቼኩን ወዳወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ከገዢው ጋር ሂዱ፤ ገንዘቡ ሒሳባችሁ ላይ መታየቱ ቼኩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሐሰተኛ ቼክ ከቀናት በኋላም ይመለሳል። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ በራሱ ጥፋት የለበትም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ወንጀል ነው። ደረሰኞቹንም አትጣሉ፦ በትርፍ ከሸጣችሁ ለማሻሻያ የወጣው ወጪ ግብር የሚከፈልበትን ትርፍ ይቀንሳል። ለግል የያዛችሁትን መኪና በኪሳራ ብትሸጡ ግን ኪሳራው ከግብር አይቀነስም።

የአገር ልጅ ሲገዛ ይሉኝታ ይገባል። «ግማሹን ልስጥህ፣ ቀሪውን ዕቁብ ሲደርሰኝ» የሚል ስምምነት ላይ ታይትሉ በስማችሁ እንዳለ መኪናው አደጋ ካደረሰ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው የእናንተ ስም ነው። ሙሉ ክፍያ ሳይገባ ቁልፍ አይሰጥ፤ «ባለበት ሁኔታ ተሸጧል» የሚል ውልም ለወንድም ቢሆን ይፈረም። አገር ቤት ልኬ እሸጠዋለሁ የምትሉም አላችሁ፤ ኢትዮጵያ በ2024 መግቢያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ያ መንገድ ተዘግቷል።

በሜሪላንድም በቨርጂንያም ታርጋው የሻጩ ስለሆነ ከመኪናው ጋር አይሄድም። ፈትታችሁ አስቀሩት፣ ሽያጩን ለቢሮው አሳውቁ። ሜሪላንድ ያላችሁ ኢንሹራንሱን የምታሰርዙት ታርጋውን ከመለሳችሁ በኋላ ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ቅጣት ያስከትላል።