የልጄ ቱቦ ልቡ አጠገብ ነው አሉኝ፤ ልፍራ?

ጥያቄ፦ ልጄ በ29 ሳምንቱ ተወለደ። መጀመሪያ እትብቱ ላይ ቱቦ ነበረው። በሰባተኛው ቀን እሱን አውጥተው ክንዱ ላይ ሌላ አስገቡለት። ነርሷ «ጫፉ ልቡ አጠገብ ነው» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለምን እዚያ ድረስ? ልንካውስ?

መልስ፦ ነርሷ ልክ ነች፣ ግን ለምን እንደሆነ ሳትነግርዎት ሄደች። አንጀቱ ወተት እስኪለምድ ድረስ ልጅዎ የሚመገበው በደም ስር ነው። ይህ ምግብ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እጅ ላይ ባለች ክር በምታክል ደም ስር ቢሰጥ ያቃጥላታል፤ ወደ ውጭ ከፈሰሰም ቆዳውን ያቆስላል። ስለዚህ ደም በብዛት የሚያልፍበት፣ ምግቡ ወዲያው የሚቀጥንበት ትልቅ ደም ስር ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ያለው ልብ ደጃፍ ላይ ነው። የእትብቱ ቱቦ የሚያገለግለው ለጥቂት ቀናት ስለሆነ በሳምንት አካባቢ መቀየሩ የተለመደ ነው።

ደጃፍ አልኩ፣ ውስጥ አላልኩም። ጫፉ ልብ ውስጥ ከገባ ምቱን ያዛባል፤ አልፎ አልፎም ፈሳሹ በልብ ዙሪያ ተጠራቅሞ ልብን ይጨምቃል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን ደህና የነበረ ሕፃን በድንገት ይዝለፈለፋል፣ ፈሳሹም ቶሎ መቀዳት አለበት። ራጅ የሚያነሱት ለዚህ ነው። ክንዱ ሲታጠፍ ጫፉ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ራጁን ሲያነሱ የክንዱን አቀማመጥም ያያሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኢንፌክሽን ነው። ጀርሙ ብዙውን ጊዜ ቆዳ ላይ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ ነው፤ በቱቦው መገጣጠሚያ ሾልኮ ይገባል። ታዲያ ትኩሳት ብቻ አይጠብቁ! እንዲህ ያለ ልጅ ሲታመም ሰውነቱ ሊቀዘቅዝም ይችላል፤ ትንፋሹ ቆም ቆም ይላል፣ ወተት አልስማማ ይለዋል፣ ይገረጣል። «ዛሬ ልጄ ልክ አይደለም» ብለው ይናገሩ፤ እናት ከማሽኑ ቀድማ ስታውቅ ስንቴ አይቻለሁ። ክንዱ ካበጠም ይንገሯቸው፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

መንካቱን ይንኩት እንጂ! እጅዎን እስከ ክርንዎ በሳሙና ይታጠቡ፣ ቀለበትዎንም ያውልቁ። ነርሷ ቱቦውን ካስተካከለችልዎ ደረትዎ ላይም ማቀፍ ይችላሉ። ፕላስተሩን ግን አይነካኩት፤ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ለእሷ ይጠቁሟት። ደግሞ ሐኪሙ ጠዋት ሲዞር «ዛሬም ያስፈልገዋል?» ይበሉት፣ በየቀኑ። ቱቦው በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽኑ ዕድል ይጨምራል። ብዙ ቦታ የሚወጣው ልጁ የሚወስደው ወተት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲደርስ ነው፤ አንዳንዱ ሐኪም ከዚያም ቀደም ብሎ ያወጣዋል።