አዲሱ ሽጉጥ ለምን ይነክሳል?

ጥያቄው የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጠያቂዋ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። በሕይወቷ የመጀመሪያዋን ሽጉጥ ገዛች፤ አነስ ያለች ባለ 9 ሚሊ ሜትር። ሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ወስዳ ስትተኩስ ሽጉጡ ይነክስባት፣ ማለትም እየተሰናከለ ይቆምባት ጀመር፤ ችግሩም ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዴ ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ተሰክቶ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ስላይዱ፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው አካል፣ እስከ መጨረሻው አይዘጋም። ሻጩ «200 ጥይት እስኪተኮስበት ታገሺ» አላት። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ «በየጥይቱ አፈሙዙን እየጠረግሽ አለማምጂው» ብሏታል። «ጋሼ፣ የማንን ልስማ? ወይስ ልመልሰው?» ትላለች።

እህቴ፣ የባልደረባሽን ምክር ተይው። አንድ ተኩሶ አንዴ መጥረግ በረጅም ርቀት ኢላማ የሚመቱ ሰዎች ለጠመንጃ የሚያደርጉት ነገር ነው። እነሱም ቢሆኑ በጥቅሙ አይስማሙም። ለሽጉጥ አያስፈልግም።

ሻጩ ግን አልዋሸሽም። አዲስ ስፕሪንግ ጠንካራ ነው። የሚፋተጉት ብረቶችም ገና አልለሰለሱም። ካር የተባለው አምራች ራሱ 200 ጥይት እንዲተኮስ ይመክራል። እንደ 1911 (የቆየ የሽጉጥ ሞዴል ነው) ያሉ ክፍሎቻቸው ጥብቅ ብለው የሚገጠሙ ሽጉጦች ከዚያም በላይ ሊፈልጉ ይችላሉ። ቅር የሚለኝ «ታገሺ» ብሎ መሸኘቱ ነው። እነዚያ ጥይቶች ሽጉጡ ለምን እንደሚነክስ ካላሳወቁሽ ገንዘብሽን አቃጠልሽ ማለት ነው።

ከጽዳት ጀምሪ። መጀመሪያ ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን መያዣ፣ አውጪ። ከዚያ ስላይዱን ወደ ኋላ ስበሽ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንሽ እዪ፣ በጣትሽም ዳስሺ። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጪ። ካርታው ሳይወጣ ስላይዱን ስበሽ ብትለቂው ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ጥይቶቹን ከምታጸጂበት ክፍል አውጪያቸው። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። እንደ ግሎክ ያሉ ሽጉጦች ሲፈቱ ምላጩ መሳብ አለበት። ባዶ መሰለኝ ብሎ ምላጭ የሳበ ሰው በገዛ ቤቱ ጥይት ይተኩሳል።

ከፋብሪካ የሚመጣው ቅባት ብዙ ጊዜ ዝገት ለመከላከል የተቀባ ነው። ሽጉጡ መጋዘን ሲከርም ይወፍራል፣ ይጣበቃል። እሱን ጥረጊና መመሪያው ባሳየሽ ቦታ ላይ ትንሽ የሽጉጥ ዘይት አድርጊ። ስላይዱ በሚሄድባቸው ሐዲዶች ላይ ጠብታ ጠብታ፣ በአፈሙዙ የውጭ ገጽ ላይ ደግሞ ስስ ቅብ ይበቃል። አዲስ ግሎክ ላይ የምታገኚው የመዳብ ቀለም ያለው ቅባት ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነውና አትጥረጊው። የመቺው መርፌ መተላለፊያና የካርታው ውስጥ ዘይት አይግባባቸው። ዘይት የባሩድ ጥቀርሻ ይሰበስባል፤ ጥይቱን ራሱንም ሊያበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት እጅሽ ሊሆን ይችላል። አትቀየሚኝ፣ በጀማሪ እጅ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሽጉጡ ቀለህ የሚያወጣው በራሱ ርግጫ ነው። የእጅ አንጓሽ አብሮት ወደ ኋላ ከሄደ ስላይዱ ኃይሉን ያጣል፣ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። አነስተኛና ቀላል ሽጉጥ ላይ ደግሞ ይብሳል። መዳፍሽን ከስላይዱ ሥር ከፍ አድርገሽ፣ በሁለት እጅ፣ አንጓሽን አጠንክረሽ ያዢ። አውራ ጣትሽ ስላይዱን አይንካ። ጥይት ስታጎርሺም ስላይዱን እስከ መጨረሻው ስበሽ ልቀቂው። በእጅሽ እያስታመምሽ አትመልሺው፤ ሳይዘጋ የሚቀረው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ጥርጣሬውን የሚፈታው ሬንጁ ላይ ያለው አሠልጣኝ ነው። ያንኑ ሽጉጥ፣ ያንኑ ካርታና ያንኑ ጥይት ስጪው። እሱ ሲተኩስ ካልነከሰ መፍትሔው አያያዝሽ ላይ ነው። እሱንም ከነከሰው ጥይቱን ቀይሪ። አንዳንድ ርካሽ ባለ 115 ግሬን ጥይት (ግሬን የአረሩ ክብደት መለኪያ ነው) ለአዲስ ስፕሪንግ ይደክማል። ባለ 124 ግሬን የፋብሪካ ጥይት ሞክሪ። ቀለሁ ናስ ይሁን፤ ሰው ቤቱ መልሶ የሞላውን ጥይት አትንኪ። ካርታዎችሽን በማርከር 1 እና 2 ብለሽ ቁጠሪያቸው። በነከሰ ቁጥር በየትኛው ካርታና በየትኛው ጥይት እንደሆነ ጻፊ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ አለዚያ ምን እንደፈታው አታውቂም።

ሁለቱን መቶ ጥይት በአንድ ቀን አትጨርሺው። እጅ ሲደክም አያያዝ ይበላሻል፣ ውጤቱም ያሳስትሻል። የመጨረሻዎቹን 50 ያለ ምንም ችግር ከተኮሰ እኔ አምነዋለሁ። ከዚያ ለቤት መጠበቂያ ያሰብሽውን ጫፉ ክፍት የሆነ ጥይትም ሞክሪ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቅርጹ የተለየ ስለሆነ ሌላውን በደንብ የሚጎርስ ሽጉጥ በእሱ ሊነክስ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። የተኩሱ ድምፅ ከወትሮው አነስ ካለ ወዲያው አቁሚ። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥለሽ ብትተኩሺ ሽጉጡ እጅሽ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ምላጭ ስበሽ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ደግሞ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሺ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቂ። ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት አለ። የጆሮና የዓይን መከላከያ ሳታደርጊ መተኮሻው ጋ አትቁሚ። ስትጨርሺ ምግብ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ቤት ስትገቢም ልብስሽን ቀይሪ። የእርሳስ ብናኝ ለሕፃናት ምን እንደሚያደርግ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ አሠልጣኙም ተኩሶት፣ በሁለቱም ካርታ መንከሱን ከቀጠለ ጥፋቱ የሽጉጡ ነው። ለአምራቹ ደውዪና የጻፍሽውን አንብቢላቸው። የመላኪያውን መንገድ እነሱ ይነግሩሻል። እስከዚያ ድረስ ማንም ሰው እንዳይሞርደው፣ ስፕሪንጉንም እንዳይቀይርልሽ። አንዴ ከተነካካ ዋስትናውን ሊከለክሉሽ ይችላሉ።