የሌላ ሰው ፖስት ሼር ማድረግ ሥራ ነው ወይ?

ጥያቄው የመጣው ዘንድሮ በማርኬቲንግ ከተመረቀች ልጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና እየቆላ የሚሸጥ፣ ትንሽ ካፌም ያለው ድርጅት ቀጥሯት በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«አለቃዬ ለካሜራም ለግራፊክስም በጀት የለም፤ የሌሎችን ሼር እያደረግሽ ፔጁን አሙቂው አሉኝ። በቀን አምስት ስድስት ፖስት ከዚህም ከዚያም አመጣለሁ። ደስ ያለኝን አውርጄ በራሳችን ፔጅ ላይ እለጥፋለሁ። ፎሎወር ትንሽ ጨምሯል፤ ቡና ልግዛ ብሎ የመጣ ግን የለም። ጓደኞቼ ይሄ ሥራ አይደለም፣ ስርቆት ነው እያሉ ይቀልዱብኛል። ሲቪዬ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው? ልቀጥል ወይስ ሌላ ሥራ ልፈልግ?»

እህቴ፣ ጓደኞችሽ ግማሹን አግኝተውታል። ሼር ማድረግ ሥራ ነው፤ ደህና አድርጎ የሚሠራው ሰውም ጥቂት ነው። ችግሩ አንቺ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለሻል።

ሼር የሚለውን ስትጫኚ የባለቤቱ ስም አብሮ ይመጣል። ላይክ ያደረገው፣ ማን ነው ብሎ የፈለገው ሰው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። እሱ ካጠፋው አንቺም ጋ ይጠፋል። ቴሌግራም ላይም ፎርዋርድ ስታደርጊ የቻናሉ ስም ከላይ ይታያል። ባለቤቱ እንዳይወሰድበት ከፈለገ ደግሞ ፎርዋርድ ማድረጉንም ማውረዱንም መቆለፍ ይችላል፤ ቴሌግራም ይህን ምርጫ ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሰጥቷል። አውርደሽ ስትለጥፊ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ስሙም፣ ቁልፉም፣ ተመልካቹም ከባለቤቱ ተወስዶ ለናንተ ድርጅት ይሆናል። ጓደኞችሽ ስርቆት ያሉት ይህን ከሆነ አልተሳሳቱም።

«ክሬዲት ለባለቤቱ» ብሎ መጻፍም አያድንም። ባለቤቱ ማን ነው? «ፎቶ፦ ከኢንተርኔት» የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ ኢንተርኔት ካሜራ ይዞ አያውቅም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 አለ፤ ፎቶግራፍም ቪዲዮም በሱ ይጠበቃሉ። ስም መጥቀስ ጨዋነት ነው፣ ፈቃድ ግን አይደለም። አንቺ ለጓደኞችሽ አይደለም የምትለጥፊው፣ ለሚነግድ ድርጅት ነው።

ስለዚህ ጠይቂ። ሰው ለመጠየቅ ለምን እንደሚፈራ አይገባኝም። ኢንቦክስ ገብተሽ እንዲህ በይ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ትናንት የለጠፉትን የቡና ለቀማ ፎቶ በጣም ወደድነው። ስምዎን ጽፈን፣ ፔጅዎን ታግ አድርገን በፌስቡካችን ላይ ብናወጣው ይፈቅዳሉ? አንቆርጠውም፤ ለፌስቡክ ከፍለንም ለብዙ ሰው እንዲታይ (ቦስት) አናደርገውም። ባይፈቅዱም ምንም አይደለም።» ከፈቀደ መልሱን ስክሪንሹት አንስተሽ አስቀምጪ። ካልመለሰ አልፈቀደም ማለት ነው። ከፈለገ ገንዘብ ይጠይቅሽ ይሆናል፤ ፎቶግራፈር ከሆነ እንጀራው ነው፣ አትቀየሚው።

አለቃሽ ስለ መብት ስታወሪ ካዛጉ፣ ስለ ሪች፣ ማለትም ፖስቱ ስንት ሰው ጋ እንደሚደርስ አውሪላቸው። ኢንስታግራም በ2024 እ.ኤ.አ. የሌሎችን ሥራ ደጋግመው የሚለጥፉ አካውንቶችን ለአዲስ ሰው ከሚያቀርባቸው ውስጥ እንደሚያስወጣ አስታውቋል። ፌስቡክም በ2025 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ላይ የሌላ ሰው ቪዲዮና ፎቶ ሳይለውጡ በተደጋጋሚ የሚለጥፉትን ሥርጭታቸውን እንደሚቀንስ፣ ከገንዘብ ማግኛውም እንደሚያግዳቸው ተናግሯል። በአማርኛ ሲነገር፣ ፔጁን አሞቅን ስትሉ እያቀዘቀዛችሁት ነው። መንገዱ ደግሞ አልተዘጋም። ኢንስታግራም ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. የሪፖስት ቁልፍ አምጥቷል፤ ቲክቶክም አለው። በሱ ሲሆን ሥራው የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቡና ልግዛ ብሎ ለምን አልመጣም?

የላክሽልኝን ፖስቶች አየኋቸው። አንዱ ይርጋጨፌ ውስጥ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲደርቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ያምራል። ከላዩ አንቺ የጻፍሽው «ዋው» እና ሦስት የእሳት ምልክት ነው። ታዲያ ተመልካቹ እናንተ ጋ ምን ሊፈልግ ይመጣል? ቪዲዮውን አይቶ፣ ላይክ አድርጎ፣ ያነሳውን ልጅ ፎሎው አድርጎ ሄደ። ማስታወቂያ የሠራሽው ለልጁ ነው።

ያንኑ ቪዲዮ በሼር ቁልፍ አምጥተሽ እንዲህ ብትዪስ? «እሸት ቡናው ከነልጣጩ ሁለት ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። በየቀኑ ይገላበጣል። ያልታጠበ ቡና ስትጠጡ የፍራፍሬ ቃና የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛ ጋ የይርጋጨፌ ያልታጠበ አለ፤ ሐሙስ ጠዋት ይቆላል፣ በግማሽ ኪሎም እንሸጣለን። ቪዲዮውን ላነሳው ወንድማችን ምስጋና ይግባው።» አሁን ድርጅታችሁ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ታየ። የሚሸጠውም፣ ቀኑም ታወቀ። ቪዲዮው የሰው ነው፤ እነዚህ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ግን ያንቺ ናቸው። ደመወዝ የሚከፈልሽ ለነሱ ነው።

ይህን ለመጻፍ ደግሞ ማወቅ አለብሽ። ቡናውን የሚቆሉት ሠራተኞች ጋ ሄደሽ ተቀመጪ። የታጠበና ያልታጠበ ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ጀንፈል ሲሉ ምን ማለታቸው ነው፣ የጅማውንና የሐረሩን በመዓዛው ይለዩታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ስልክሽ ላይ ካሜራ አለ አይደል? ቡናው ከመቁያው ሲወርድ ያለውን ድምፅ ሃያ ሰከንድ ቅጂ። አለቃሽ ካሜራ የለም ያሉት ትልቁን ካሜራ አስበው ነው።

የማንን ላጋራ ካልሽ፣ ከሁሉም በፊት የደንበኞቻችሁን። ካፌያችሁ ቁጭ ብሎ ስኒውን ፎቶ አንስቶ ታግ ያደረገ ሰው ካለ፣ እሱን የሚያህል ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም። ያም ሆኖ ፊቱ ከታየ አስፈቅጂው። ከማን ጋር እንደተቀመጠ አታውቂም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቡናውን የሚያቀርቡላችሁ ገበሬዎችና ማኅበራት ይመጣሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ የለቀማው ወሬ ብዙ ስለሆነ ያኔ አታጪም። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን የሚያወጣው ዜናም አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ግን በቢሮ ቋንቋ ስለሆነ ለካፌ ደንበኛ በሚገባ አማርኛ አፍታቺው።

የተፎካካሪ ፖስት ይጋራል ወይ የሚለው ያከራክራል። እኔ ይጋራል ባይ ነኝ፤ ባሪስታቸው ውድድር አሸንፎ ከሆነ እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ያስከብራል። የዋጋ ቅናሻቸውን ማጋራት ግን ሞኝነት ነው።

የማይጋራውን ማወቅ ከሚጋራው ይከብዳል። ለሳቅ ብለሽ ያመጣሽው የቲክቶክ ጭቅጭቅ፣ የፖለቲካ ነገር፣ «ቡና ስኳር በሽታን ያድናል» የሚል ያልታወቀ ሐኪም ምክር፣ እነዚህ ለቡና መሸጫ ምኑም አይደሉም። ቀኑንም አትርሺ። በስቅለት ዕለት ወተት የሞላበት ማኪያቶ ያጋራ ፔጅ ሰው ከስንት ወር በኋላም ያነሳበታል።

አንድ ነገር ደግሞ በቁም ነገር ያዢ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ 1185/2012 ማሰራጨት ምን ማለት እንደሆነ ሲተረጉም ላይክንና ታግን ከውስጡ አውጥቷቸዋል። ሼርን አላወጣም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። አዋጁ የሚያነጣጥረው ሁከትና ግጭት ሊያስነሳ የሚችል ውሸት ላይ ነው፤ አንቺ የቡና ፔጅ ነሽ፣ ከዚያ ሰፈር ምን አገናኘሽ? ግን «ሰበር» የሚል ነገር ሲመጣ ጣት ይፈጥናል። መጀመሪያ ማን ለጠፈው? መቼ? ፎቶው የዛሬ ነው? ለጣፊው ሌላ ጊዜ ምን ይለጥፋል? ይህን ሳታዪ አትንኪው። ፌስቡክ ላይ ባለቤቱ ጽሑፉን በኋላ ሊቀይረው እንደሚችልም እወቂ። ሼር ያደረግሽውን በሳምንቱ ተመልሰሽ እዪው።

በቀን አምስት ስድስት ብዙ ነው። ሕግ ሆኖ የተጻፈ ቁጥር የለም፤ እኔ ብሆን በሳምንት ሦስት የሰው፣ በየመሀሉ ደግሞ የራስን አንድ አንድ እለጥፋለሁ። ሰው ፔጃችሁን ሲከፍት ቀድሞ የሚያየው የሰው ቤት መሆን የለበትም።

ወደ ሲቪው እንምጣ። «የፌስቡክ ፔጅ አስተዳድሬያለሁ» የሚል መስመር መቶ ሲቪ ላይ አለ፤ ቀጣሪ ዓይኑን አያነሳበትም። ዛሬውኑ ኤክሴል ክፈቺ። ቀኑን፣ የማንን እንዳጋራሽ፣ ለምን እንደመረጥሽው፣ ምን ብለሽ እንደጻፍሽበት፣ ከዚያ ምን እንደመጣ መዝግቢ። የመጣው ነገር ላይክ ብቻ ከሆነ ላይክ ብቻ በይ። ኢንቦክስ ዋጋ የጠየቀ፣ ስልክ የደወለ፣ «ፌስቡክ ላይ አይቼ ነው» ብሎ የገባ ካለ ለብቻው ጻፊው። ካሸሯን ለምኚያት፣ ደንበኛ ከየት እንደሰማ እየጠየቀች ትንገርሽ።

ከነዚህ አጠገብ አንድ ሌላ ዓምድ ጨምሪ፤ ያላጋራሽውንና ምክንያቱን የምትጽፊበት። ጎበዝ ጠያቂ ኢንተርቪው ላይ የሚፈልገው እዚያ ነው። «ይህን ቪዲዮ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነበር፤ የሚታየው ግን የሌላ አገር ቡና ሆኖ አገኘሁትና ተውኩት» ብለሽ ስትናገሪ፣ ፔጁን ቢያስረክቡሽ ጉድ እንደማታመጪባቸው ይገባቸዋል። ሼር ማድረግን ማንም ያውቃል። ተቀጣሪ የሚያደርግሽ መተው መቻልሽ ነው።

ሥራሽን ስታሳዪ የሰውን ቪዲዮ እንደ ራስሽ አድርገሽ እንዳታቀርቢ። የአዲስ አበባ የማርኬቲንግ ሰፈር ትንሽ ናት፤ ቪዲዮውን ያነሳው ልጅ ጠያቂሽ አጠገብ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «ቪዲዮ፦ የእገሌ፤ ምርጫና ጽሑፍ፦ የኔ» ብለሽ ለይተሽ ጻፊ። ሊንክድኢን ላይም ያው ነው፤ የሰው ፖስት ላይ የራስሽን ሁለት ሐሳብ ሳትጨምሪ ሪፖስት ብቻ አታድርጊ።

ልቀጥል ወይ ላልሽው፣ ለጊዜው ቀጥዪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ስንት እንደቀረሽ ቁጠሪ። አውርደሽ የለጠፍሻቸውን አሁኑኑ አጥፊያቸው፤ ባለቤቱ ከፈቀደልሽ መልሰሽ ታወጫቸዋለሽ። ከዚያ አለቃሽ ጋ ግቢና «አንድ ወር በዚህ መንገድ ልሞክረው፤ በሳምንት ሦስት የሌላ ሰው፣ አራት የራሳችን፤ በወሩ መጨረሻ ስንት ደንበኛ እንደመጣ አሳይዎታለሁ» በያቸው። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ። ቡና ነጋዴ ቁጥር ይወዳል፣ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

«ዝም ብለሽ እያወረድሽ ለጥፊ» ካሉሽ ግን ትእዛዙን በቴሌግራም ጽፈው እንዲልኩልሽ በትሕትና ጠይቂ፤ አንድ ቀን ባለቤት ነኝ ባይ ሲመጣ ማን እንዳዘዘ ይታወቃል። ሲቪሽንም በዚያው ሳምንት መላክ ጀምሪ።