አምስት መታጠቢያ ቤት፣ አምስት መልክ?

ጥያቄ፦ ሳር ቤት አካባቢ ጂ ፕላስ 2 ቤት እየጨረስን ነው። 5 መታጠቢያ ቤት አለው። እያንዳንዱ የራሱ መልክ እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ሰው ቤት ያየሁትን ሴራሚክ መድገም አልፈልግም። ባለቤቴ ወለሉም ግድግዳውም እብነ በረድ ይሁን ይላል። ኮንትራክተሩ ደግሞ 60 በ120 ሳንቲሜትር የሚያብረቀርቅ ፖርሰሊን ለሁሉም ገዝተን እንገላገል እያለን ነው። ታች ያለው ክፍል የአማቴ ነው፤ 74 ዓመታቸው ነው። ከየት ልጀምር?
(አንባቢ፣ ከሳር ቤት)

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! ከአማትዎ ክፍል ይጀምሩ።

ምክንያቱን ልንገርዎት። የዛሬ ስድስት ዓመት ካዛንቺስ የእናቴን ሻወር ሳሳድስ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ወለል መረጥኩ። ሱቁ ውስጥ መብራት ሥር መስታወት ነበር የሚመስለው። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ከሻወር ስትወጣ አዳለጣት። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ወለሉን አስፈንቅዬ በሻካራ አስቀየርኩት። ያንን ጥቁር ሴራሚክ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ሳየው ሆዴን ይበላኛል።

ከዚያ ወዲህ ደረቅ ሴራሚክ አይቼ አልወስንም። እርስዎም ከሱቁ አንድ ሁለት ናሙና ይጠይቁ፤ ካልሰጡ ይግዙ። ቤትዎ ወስደው ክፍሉ ውስጥ ወለል ላይ ያስቀምጡት። አንድ ኩባያ ውሃ ያፍስሱበት፣ ትንሽ ሳሙናም ይጨምሩ። ግድግዳ ይዘው በባዶ እግርዎ ይቁሙበት። ጣቶችዎ መሬቱን ለመቆንጠጥ ከታገሉ ያ ሴራሚክ ለወለል አይሆንም። የምርቱ መግለጫ ላይ አር 10 ወይም አር 11 የሚል ካለም ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ማዳለጡ ይቀንሳል። በባዶ እግር ለሚረገጥ ቦታ ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል ደረጃ አለ። የተሻለው ሲ ነው።

ሻወሩ ሥር ላለው ወለል 60 በ120 አይሆንም። ወለሉ ከየአቅጣጫው ወደ ፍሳሹ ማዘንበል አለበት፤ ትልቅ ሴራሚክ ደግሞ ካልተቆራረጠ አይታጠፍም። 5 በ5 የሆነ ሞዛይክ ተዳፋቱን ተከትሎ ይሄዳል። በመሃሉ ያለው ብዙ የቦያካ (የሴራሚክ መጋጠሚያ መሙያ) መስመርም እግር ይይዛል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። እብነ በረድ ያምራል፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዙ የዳሌቲ ነጭ በተለይ። ግን አሲድ ጠላቱ ነው። ሎሚም ኮምጣጤም ያደበዝዘዋል። እኛ ደግሞ ሽንት ቤት በአሲድ ማጠብ ለምደናል! አንድ ቀን ሳይነገራት የመጣች ሠራተኛ ብታፈስበት ያ ልስላሴ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሻወር በሌለው የእንግዳ መታጠቢያ ቤት፣ ከእጅ መታጠቢያው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ብቻ እብነ በረድ ያድርጉት። የባለቤትዎም ልብ ይደርሳል።

አሁን የእርስዎ ፍላጎት። አምስት የተለያየ መልክ ይቻላል፤ ልዩነቱን ግን ግድግዳ ላይ ያውጡት። ለአምስቱም አንድ ዓይነት የማያብረቀርቅ ፖርሰሊን ወለል፣ አንድ ዓይነት ቦያካ ይያዙ። ከዚያ በየክፍሉ አንድ ግድግዳ ብቻ ይምረጡ፣ በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየውን። አንዱ ጥልቅ አረንጓዴ ይሁን፣ አንዱ በእጅ የተሠራ የሚመስል ወጣ ገባ ያለው፣ አንዱ ጥለት ያለው። ውሃችሁ የጉድጓድ ከሆነ ግን ጥቁርና አንጸባራቂውን ከሻወር ያርቁት። ጠብታው በደረቀ ቁጥር ነጭ ነጥብ ይተዋል፣ ሲያጸዱ መዋል ነው።

ልዩ ሴራሚክ ከመረጡ መጠባበቂያ የግድ ነው። ከሚለካው 10 በመቶ ጨምረው ይግዙ፤ በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15። ካርቶኖቹ ላይ ያለው የቀለም ቁጥር ሁሉም አንድ መሆኑን ሳያዩ እንዳይጭኑ። ከዓመት በኋላ ያው ቀለም አይገኝም። አፍሪካ አዳራሽን ያስቡ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። በቅርቡ ሲታደስ የውጪ ግድግዳውን ጥቃቅን ሴራሚክ ከጥንቱ ቀለም ጋር የሚገጥም አድርጎ እንደገና ማሠራት ግድ ሆኗል። እኛ በየቤታችን ይህን አንችልም።

ሥራው ሲያልቅ ሳንቲም ይዘው እያንዳንዱን ሴራሚክ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ኮላ አልሞላውም ማለት ነው። ክፍያ ከመጨረስዎ በፊት ያስነሱት።

አማትዎ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት የእጅ መያዣ ብረት የሚታሰርበትን ቦታ ያስጠናክሩ፣ አንድ ሻወሩ ጋ፣ አንድ መቀመጫው ጋ። የዚያን ግድግዳ ቀለም ግን እርስዎ አይምረጡ። ናሙናዎቹን ደርድረው እሳቸውን ይጠይቋቸው።